መርፌ የሌለው ክር

ጥጥ ላይ የፈሰሰ አልኮል ሲሸተኝ አፌ ይደርቃል። ያረጀ ሰው ስንት ነገር ይሸተዋል። የአዲስ አቡጀዲ ሽታ፣ የታጨደ ገብስ ሽታ፣ ዝናብ የመታው አፈር ሽታ መጥቶ ደስ ብሎኝ ያልፋል። ያ ሽታ ብቻ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ሳምንት ሰቆጣ ጤና ጣቢያ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ እንደገና ሸተተኝ። የልጅ ልጄን ትርንጎን ተከትዬ ነው የሄድኩት። እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ ለዚህም ነው እንደ እኩያዋ አንቺ የምትለኝ። ልጇ ናሆም ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ አተኩሶት፣ ንፍጡ እየወረደ፣ ሲያስለው አድሮ ነበር። ይህ ልጅ ነጭ ልብስ ካየ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ታሞ፣ ሦስቱንም ጊዜ በግል ክሊኒክ ጠዋትና ማታ ሲወጋ ነው የሰነበተ። ከመጨረሻው ወዲህ ግራ እግሩን ይጎትታል። እኔ እንኳ ላቅፈው ስፈልግ ነጠላዬን አውልቄ ከኋላዬ ደብቄ ነው የምጠጋው።

ሲስተሯ ልጅ እግር ናት። ናሆም ሲያያት መጮህ ሲጀምር ጋዋኗን አወለቀችና በሩ ጀርባ ሰቀለችው። ያን ጊዜ ወደድኳት። የእጅ ሰዓቷን እያየች ትንፋሹን ቆጠረች፣ ደረቱን አዳመጠች፣ ጉሮሮውን አየች፣ በኩባያ ውሃ ሰጥታው ሲጠጣ ዝም ብላ ተመለከተችው። ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞረች።

«ጉንፋን ነው እህቴ፤ ደረቱ ንጹሕ ነው። መርፌ አያስፈልገውም። ለትኩሳቱ ይህችን ሽሮፕ ስጪው፣ የሚጠጣ ነገር አታጓድይበት። ሦስት ቀን እንጠብቀው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ካልለቀቀው፣ ወይም ከዚያ በፊት መጠጣት እምቢ ካለ፣ ወይም ሲተነፍስ ጎኑ ወደ ውስጥ ስርጉድ ካለ፣ ሰዓት ሳትይ ይዘሽው ነይ።»

«ደሙን እንኳ አትመረምሪውም?» አለች ትርንጎ።

«ምን ፍለጋ?»

«እኔ ምን አውቄ! የተማርሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ስለተማርኩ እኮ ነው የተውኩት።» እግሩን ዳበስ ዳበስ አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጨመረችላት፦ «መርፌ ነርቭ ሲነካ እንዲህ ያደርጋል። እባክሽ፣ ያለ ነገር አታስወጊው።»

ትርንጎ ልጁን አዝላ ወጣች። አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው «ምን ሰጠችሽ?» አሏት። «ሦስት ቀን» አለች። «ሦስት ቀን በኪኒን ነው በሽሮፕ?» አለች አንዷ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን እንደገና አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ያችን ቃል፣ ከነጎን መሰርጎዷ፣ ከነ«ሰዓት ሳትይ ነይ»ዋ፣ አንድ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ስሰማትም የትርንጎን ዕድሜ እንኳ አልደረስኩም ነበር።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። ንጉሡ ሊወርዱ ሲሉ ይሁን ከወረዱ ማግስት፣ ብቻ ዶሮ በሽልንግ የሚሸጥበት፣ ኮንጎ ጫማ ያደረገ ጎረምሳ በገበያ ሲያልፍ ሰው ሁሉ የሚዞርለት ዘመን ነው። አሁን ባጃጆች ተኮልኩለው የሚጮሁበት ማዕዘን ያኔ ጨው ተራ ነበር። አሞሌው እንደ ግንብ ተደርድሮ፣ ከአበርገሌ ቆላ ፍየል ነድተው የወጡት ሰዎች ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ አንዱ ነጋዴ ደግሞ ቆዳ የለበሰች ሬዲዮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ዘፈን ያሰማ ነበር። ገበያው ሁሉ ወደ እሱ ይጠጋል። የዘፈኑን ቃል አላውቀውም፤ ቤታችን የሚነገረው ኽምጥኛ ስለነበር አማርኛዬ ገና ነበር። ዜማው ግን ዛሬም ውሃ ስቀዳ ሳላስበው ይመጣብኛል። ፊደል ያስቆጠረኝ በኋላ ባሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና፤ ዲያቆን ነበር፤ ክረምት ክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ በአመድ ላይ በጣቱ እየጻፈ። ዛሬ ይህን የምጽፈው በዚያችው በአመድ ፊደል ነው።

መንደራችን ከሰቆጣ በላይ፣ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ደጋ ላይ ነው። ክሊኒክ የሚሏት አንዲት ቆርቆሮ ክዳን ክፍል ነበረች። ውስጧ አንድ አልጋ፣ መርፌ የሚቀቀልባት የላምባ ምድጃ፣ በጠርሙስ አልኮል፣ እና ድሬሰሩ፣ ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው። ስሙን አልጠራም፤ ልጆች ይኖሩት ይሆናል። ከመሃል አገር የመጣ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ካኪ ኮት ይለብሳል፤ ከቁልፎቹ አንዷ በቀይ ክር ነበር የተሰፋች። ሚስት የለውም መሰለኝ። ከኪሱ የጥጥ ክር ጥቅል አይጠፋም።

ከእሱ በፊት መርፌ የያዙ ሰዎች መጥተው፣ ቁስል የበላቸውን ሁሉ ወግተው ሄደው ነበር። ቁስሉ በሳምንት ደረቀ። ከዚያ ወዲህ አገሬው መርፌን እንደ ጠበል አመነ። ራሱን ያመመውም፣ እንቅልፍ ያጣውም፣ ከሚስቱ የተጣላውም «ውጋኝ» ብሎ ይመጣል። ይህ ድሬሰር ግን መርፌውን እንደ ወንድ ልጁ ይሳሳለት ነበር። አንድ ቀን ተራ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ ወገባቸውን ይዘው ገቡ።

«አባቴ፣ ሲያርሱ ሰንብተው ነው። ሁለት ሦስት ቀን ይረፉ» አላቸው።

«ዕረፍትማ ሚስቴስ ትሰጠኝ የለ? አንተ መርፌህን አምጣ!»

«መርፌውን ብወጋዎትም ያው በሦስተኛው ቀን ነው የሚተውዎት። ታዲያ ስለምን ልውጋዎት?»

«እንዲያው ደስ እንዲለኝ!» አሉ፤ እሱም ሳቀ፤ ግን አልወጋቸውም። አሥር በሽተኛ ሲመጣበት ሁለቱን ወግቶ፣ አንዱን ወደ ሰቆጣ ልኮ፣ ሰባቱን «ቆዩ» ብሎ ይሰድድ ነበር። ዕንጥል ቆራጩንም፣ የሕፃን ድድ ፈልፋዩንም ተጣልቷል። ለዚህ እንኳ ማን አመሰገነው?

ክሩ እንግዲህ «ቆዩ» ለተባልነው ነው። ከጥቅሉ በጥሶ ሦስት ቦታ ይቋጥረውና ከእጅ አንጓ ላይ ያስረዋል። በየጠዋቱ አንዷን ቋጠሮ መፍታት ነው። ቋጠሮ ሲያልቅ በሽታው ካላለቀ መመለስ። ቀኑንማ እኛም በታቦቱ እናውቀዋለን። ነገር ግን የታመመ ልጅ ያላት እናት አንዳንዴ አንዱ ቀን ሦስት ይሆንባታል፣ አንዳንዴም ሦስቱ ቀን ሳታውቀው ያልፋታል። እንዳትቸኩል፣ እንዳትዘገይም ነበር ክሩ። ይህን አሁን ነው የምናገረው፤ ያኔ እንደ ሁሉም ሴት ውሃ ስወርድ ስቄበታለሁ። የምንጩ ሴቶች ግጥም አውጥተውለት ነበር፦

ሐኪም መጣ ቢሉኝ ሄድኩኝ እየሮጥኩ፣
መርፌውን ከልክሎኝ በክር ተመለስኩ።

«መርፌ የሌለው ክር ምን ሊሰፋ ነው?» ትል ነበር አማቴ። እሷ ስታወራ ማንም አይናገርም። እኔማ በተለይ።

የመጀመሪያ ልጄ ዘውዱ ይባል ነበር። ዓመት አልሞላውም፤ ሁለት ጥርስ አውጥቶ ነበር፣ የታችኞቹን። እንዲህ እንደ ናሆም አተኮሰው፣ አሳለው። አዝዬው ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ሄድኩ። ድሬሰሩ ጆሮውን ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ አዳመጠ። ካኪው ልጄን እንዳይቆረቁረው በእጁ ይዞለት እንደነበር አይረሳኝም። ከዚያ ክሩን ቋጥሮ ትንሿ እጁ ላይ አሰረለት። «ሦስት ቀን። በየጠዋቱ አንዷን ፍቺ። ሦስተኛዋን ፈትተሽ ትኩሳቱ ካለ ነይ። ጡት እምቢ ካለ ወይም ሲተነፍስ ጎኑ ስርጉድ ካለ ግን ቋጠሮ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን በሬን ምቺ» አለኝ። አማርኛዬ ገና ነበር ብያለሁ፤ ይህን ግን አንዲት ቃል አልሳትኩም። በቋንቋ አላመካኝም።

ቤት ስገባ አማቴ ክሩን አየችው። «ክር በእጅ ይታሰራል? የክር ቦታው አንገት ነው» ብላ ፈትታ፣ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረችለት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተበላሸው፤ ማናችንም አላወቅንም። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያዋን ቋጠሮ ልፈታ እጄን ስዘረጋ እጄን መታችኝ።

«ማተብ ይፈታል እንዴ? አረመኔ ነሽ?»

«እማዬ፣ ድሬሰሩ ፍቺው ብሎኛል።»

«ያሰረው ሰው ኃይሉን አብሮ አስሮበታል። ስትፈቺው ይሄዳል።»

እውነት መሰለኝ። እውነት መምሰል ብቻ አይደለም፣ ደስ አለኝ። ሲሳቅበት የነበረው ክር ለካ መድኃኒት ነው፤ ልጄ አንገት ላይ አለ፤ ከእንግዲህ ምን እፈራለሁ? እየነካሁት እተኛለሁ። ሦስቱም ቋጠሮ እንዳሉ ናቸው። ሦስቱ እስካሉ ቀኑ የቆመ ይመስል ነበር። ሁለተኛው ቀን፣ ሦስተኛው ቀን፣ አራተኛው ቀን። በአምስተኛው ጡት ተወ። ጎኑም ስርጉድ ሲል አየሁት። አየሁት እላችኋለሁ፤ አይቼ ክሩን ጨበጥኩ። በስድስተኛው ጎሕ ሲቀድ ባሌ «ተነሺ» አለኝና ወጣን። ከምንጩ በላይ ካለችው ወይራ ስንደርስ ጀርባዬ ላይ የነበረው ሙቀት ጠፋ። ባሌን አልጠራሁትም። እስከ ክሊኒኩ በር ድረስ እንደዚያው አዝዬው ሄድኩ።

ከነክሩ ተቀበረ። ድሬሰሩ ለልቅሶ መጥቶ ካኪ ኮቱን እንደለበሰ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ በእሱ ላይ ተነሥተው ነበር፤ «መርፌ ቢወጋው ኖሮ» የማይል የለም። አንደኛው ወደ እኔ ዞረው ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ተመለሺ ብሎሽ ነበር?» አማቴ ከጎኔ ናት። ድሬሰሩ ቀና ብሎ አየኝ።

«ክር ሰጠኝ» አልኩ።

ሌላ አልወጣኝም። ውሸትም አይደለም። እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ «ተዉአት፣ ሐዘንተኛ ናት» አለ። ሲወጣ ግን በአጠገቤ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ «ፈታሻቸው?» አለኝ፤ ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ። መሬት መሬት አየሁ። ገባው። ገብቶትም ለማንም አልተናገረም። መስከረም ሳይጠባ ይነሣልን ተብሎ ተነሣ፤ አልጋውን አንድ አህያ ጭኖ ቁልቁል ሲወርድ አጥር ሥር ሆኜ አየሁት። የቀይ ክሯ ቁልፍ ተበጥሳ ነበር። የተተካው ሰው ወርቅ ነው ተባለ፤ የመጣውን ሁሉ ይወጋ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ መቀመጫው ያልቆሰለ ልጅ አልነበረም፤ ግን ሰው ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ድርቁም መጣ፣ ጦርነቱም መጣ፣ ስንት ሞት ዘውዱን ከለለው። ሌላ አምስት ወለድኩ። ያችን «ክር ሰጠኝ» ግን የሸፈናት ነገር የለም።

ከጤና ጣቢያው ስንመለስ ትርንጎ ሳዑዲ ላለው ባሏ ደወለች። ስልኩን ከፍ አድርጋ ስለነበር ሰማሁት። «እዚህ በረሃ የምቃጠለው ለሦስት ቀን ነው? ልጄን አስወጊልኝ!» ይላል። ነገ በጠዋት ወደ ግል ክሊኒኩ ልትወስደው ወሰነች። ናሆም ጭኔ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ያ እግሩ እንደ ሌላ ሰው እግር ወደ ጎን ወድቋል። ይህችን እግር ካልተናገርኩላት ለምን ቆየሁ ብዬ አሰብኩ። ባሌ ሞቷል፣ አማቴ ሞታለች፣ ሽማግሌዎቹ የሉም፤ ድሬሰሩም ቢሆን የለም። ማንን ልፈራ? ለማንም ያልነገርኩትን ለእሷ ነገርኳት። ክሩን፣ አንገቱን፣ ወይራዋን፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ያልኩትን። ሳላለቅስ ነው የነገርኳት።

እሷ አለቀሰች። አቅፋ ሳመችኝ። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ እንዲህ አለች፦

«አየሽ እምዬ! ጠብቀሽ ነው የሞተብሽ። እኔስ እንዴት ልጠብቅ?»

«አይደለም ልጄ። መጠበቄ አይደለም የገደለው። አለመቁጠሬ ነው፤ አለመመለሴ ነው።»

«ምን ልዩነት አለው?»

ልዩነቱ ልቤ ላይ እንደ ጠጠር ተቀምጦ ይታወቀኛል፤ ግን በምን ቃል ላውጣው? በቀላሉ የሚባልበት ቀን ነበረው፤ ከልቅሶው ቤት፣ ያ ሰው ፊቴ ተቀምጦ። ዛሬ የሚሰማው ሌላ ነው። የኔ ሙት ልጅ ለሲስተሯ ምስክር ይሆናል ብዬ ነበር፤ በእሷ ላይ ሆነ።

በማግስቱ ክሊኒኩ ደም ወሰደና ታይፎይድም ታይፈስም አለበት አለ። ይህ ልጅ ከተወለደ ስንት ጊዜ ታይፎይድ ተባለ! ለአምስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ። የሚይዘው ሰው ስለጠፋ እኔ ያዝኩት። ነጠላዬን አውልቄ ነበር። ያ የአልኮል ጥጥ ሲነካው ጩኸቱን አቆመና ዞሮ አየኝ፤ እንዲያው ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ነጠላዬን ባወልቅም አልመጣልኝም።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ልክ ሲስተሯ እንዳለችው፣ ልክ ድሬሰሩ ለሽማግሌው ወገብ እንዳለው። መርፌው ግን ሁለት ቀን ቀርቶት ነበርና ቀጠለ። «ያቺ ሲስተር ልትገድልብን ነበር» ትላለች ትርንጎ ለሚጠይቃት ሁሉ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እኔ ማድቤት ሆኜ እሰማለሁ። ወጥቼ ምን እላለሁ?

በዚያው ዕለት ማታ፣ ራት ስንበላ፣ ትርንጎ ቀስ ብላ «እምዬ፣ ያ ክር ሦስት ቋጠሮ ነው ያልሽኝ?» አለች።

«አዎ።»

«ለናሆም እሰሪለት። እግሩ እንዲስተካከል።»

«ልጄ፣ መቁጠሪያ ነው እኮ። መድኃኒት አይደለም።»

«ቢሆንስ? ምን ይጎዳል?»

እምቢ ልል ነበር። ከዚያ አንድ ነገር አሰብኩ፤ ሞኝ ነኝ። እኔው ካሰርኩት እኔው እፈታዋለሁ፤ በየጠዋቱ አንድ አንድ፣ እሷ እያየችኝ። አፌ ያቃተውን እጄ ያሳያታል። ከእንዝርቴ በጥሼ ሦስት ቋጠርኩና ተኝቶ ሳለ እጁ ላይ አሰርኩለት። የድሬሰሩ ጣቶች እንዴት እንደቋጠሩት ሳላስበው እጄ ያውቀው ኖሯል።

ጠዋት የመጀመሪያዋን ቋጠሮ ልፈታ ሄድኩ። እጁ ላይ የለም። አንገቱ ላይ ነው፣ ከማተቡ ጋር። ናሆም ግራ እግሩን ዘርግቶ ከመደቡ ጥግ ተቀምጧል። ነጠላዬን አወለቅኩ። ቀስ ብዬ እጄን ወደ አንገቱ ስዘረጋ ትርንጎ ከኋላዬ መጥታ እጄን ያዘችኝ። አልመታችኝም፤ እሷ ጨዋ ናት። በሁለት እጆቿ ያዘችኝና በፍቅር፣ እንደ ሕፃን እየገሠጸችኝ፣

«እንዴ እምዬ» አለችኝ፤ «ማተብ ይፈታል እንዴ?»